ቢቸና መሃል ሲፈለግላት

ወሬው የደረሰኝ ሞጣ ነው፤ እሑድ ከቅዳሴ ወጥቼ ከደጀ ሰላሙ አጠገብ ጠበል ስጠጣ። አንድ የቢቸና በቅሎ ነጋዴ ከቅጥሩ ውጭ ቆሞ ሰው ሲያማትር ቆየና እኔን ሲያይ ባርኔጣውን አውልቆ ቀረበ።

«የቆላ በሯ ሴትዮ ልጅ አይደለሽም?»

«ነኝ። ምነው፣ እናቴ ደኅና አይደለችም?»

«እሷማ ደኅና ናት፤ ስነሳም ጠላዋን ጠጥቼ ነው የወጣሁ። ቤቷ ነው እንጂ የማይከርመው። ኢንጅነር መጥቶ ከተማውን ሁሉ ወደ አንድ ቦታ ሊሰበስበው ነው። ትልቁ መንገድ የሚያልፈው በእናትሽ ቤት ላይ ነው። ቀይ የተቀባ ችካል ደጃፏ ላይ ተተክሏል። እሷም አልነቀለችውም፤ ዞር እያለች ነው የምትገባ የምትወጣ።»

ጠበሉ በአፌ ነበር። ዋጥኩና አማተብኩ፤ ጠበል ይዞ ክፉ መናገር አይገባምና ያን ጊዜ በልቤ የመጣውን ለራሴ አስቀረሁት።

ነገሩ የተፈጸመው በጃንሆይ ዘመን ማብቂያ አካባቢ፣ ቢቸናም ሞጣም የአውራጃ ከተማ በነበሩበት ጊዜ ነው። አባቴ ከሞተ በኋላ እናቴ የኖረችው በዚያ ቤት ውስጥ ብቻ ሳይሆን በዚያ ቤት ገቢም ነው። ቆላ በር የምንለው ከዓባይ በረሃ ሽቅብ የሚመጣው መንገድ ቢቸና የሚገባበት አፍ ነው። የቆላ ሰዎች ጥጥ፣ ማር፣ ማሽላና ፍየል ይዘው በገበያ ዋዜማ ይደርሳሉ፤ አህዮቻቸውን በእናቴ ግቢ ያስራሉ፤ ጠላ ጠጥተው ያድራሉ። ጠዋት እግራቸውን ታጥበው፣ ለክብር የያዙትን ንጹሕ ጋቢ ደርበው ወደ ገበያ ይገባሉ። የደብረ ወርቅ መንገድም የራሱ በር ነበረው፤ የደጀኑም የራሱ። ደንበኛ ከእናት ወደ ልጅ የሚተላለፍ ነገር ነበር። ቤቱ ቢፈርስ ማዘጋጃ ቤቱ ሌላ ቦታ ይመራት ይሆናል፤ የቆላ ሰው ግን የሚያርፈው ደክሞ ከደረሰበት መንገድ ላይ እንጂ ለእናቴ ሲል ከተማ አቋርጦ አይሄድም። እናቴ ያለ እነሱ የምትበላው አልነበራትም። ነገሩ እንዲህ ግልጽ ነበር።

ዕድሜዬ ትንሽ ነበር፤ ግን አልፈራሁም። ያልፈራሁት ሞጣን ስለማውቅ ነው።

ባለቤቴ ከሸዋ ተመድቦ የመጣ አስተማሪ ነው። ገና ሙሽራ ሆኜ ሞጣ እንደገባሁ አንድ ቀን «ከተማ ወጣ ብለሽ ጨው ግዢ» ብሎኝ ትምህርት ቤት ሄደ። ጎረቤቴን ከተማው በየት በኩል ነው ብዬ ጠየቅኋት።

«የትኛው ከተማ?» አለችኝ።

«ከተማው ነዋ።»

«ለጨው ከሆነ ላይኛው ነው፤ ከእህሉ ጋር። ከብት ልትሸጭ ከሆነ ታችኛው፣ ከውኃው ዘንድ። ባልሽን ልትከሽ ከሆነ ደግሞ ወዲያኛው፣ ፍርድ ቤቱ ጋ።»

«ባሌን ምን በወጣው እከሰዋለሁ?»

«ገና ነሽ፤ ትደርሺበታለሽ።»

መጀመሪያ ስቄባቸዋለሁ። ይቺ ከተማ ናት ወይስ የተጣሉ መንደሮች እያልኩ ለባለቤቴ አወራ ነበር። ኖሬ ሳየው ግን ሳቄን ተውኩት። በገበያ ቀን በሬ እህል አይረግጥም፤ ባለ ጉዳይና ባለ ከብት በአንድ ጠባብ መንገድ አይጋፉም። ዳገቱን መውጣት ያቃታት አሮጊት ጌሾዋን ታችኛው ላይ ሸጣ ትገባለች። ክረምት ሲገባ የላይኛው መንገድ ጭቃ ቢይዘው ታችኛው የራሱ ዳቦ ጋጋሪ፣ የራሱ ልብስ ሰፊ፣ የራሱ ባለ ሱቅ አለውና ማንም አይቸገርም። ይህን ከመጽሐፍ አላነበብኩትም፤ እንስራ ተሸክሜ በየቀኑ ስመላለስበት ነው ያየሁት። ከተማ ከአንድ በላይ መሃል ቢኖረው አይጎዳም፤ ይህን ያን ጊዜም አውቀው ነበር፣ ዛሬም አልለወጥኩትም።

ባለቤቴ «ጾሙ ሳይገባ ተመለሺ» ብሎ ከነጋዴዎች ጋር ሰደደኝ። እስከ ጉንደ ወይን በበቅሎ፣ ከዚያ ወዲያ በጋ ስለነበር በጭነት መኪና ሄድን። ደብረ ወርቅ ስንደርስ ሹፌሩ ቢቆጣም ወርጄ የቤተ ክርስቲያኑን ደጃፍ ተሳለምኩ።

እናቴ ቤት ስደርስ ችካሉ እውነትም ደጃፉ ላይ ነበር። ዘልዬው ገባሁ። እናቴ ከምድጃው አጠገብ ተቀምጣ እንቁላል ትጠብሳለች። ተሳሳምን፤ ተላቀስን። ከዚያ መጥበሻውን አየሁት፤ አዲስ ነው።

«እምዬ፣ ይህ ሁሉ እንቁላል ለማን ነው?»

«ለኢንጅነሩ።»

«የትኛው ኢንጅነር?»

«ቢቸና ስንት ኢንጅነር አላት? ጓዳዋን ተከራይቶ እዚሁ ነው ያለ። የሐረር ሰው ነው፤ እስላም ነው። እኔ ሥጋ አላበላው፣ እሱም አይጠይቀኝ። እንቁላል፣ ሽሮ፣ ወተትና ማር ነው። መጥበሻውንም ለብቻው ገዛሁለት፤ ሰውየው እንዳይሳቀቅ።»

«ቤትሽን ለሚያፈርሰው ሰው እንቁላል ትጠብሽለታለሽ?»

«ቤቱን የሚያፈርሰው ወረቀቱ ነው፤ ሰውየው እንግዳ ነው። ድምፅሽን ቀንሺ፣ ይሰማል።»

«ይስማ እንጂ! እስካሁን አንድ ነገር አልተናገርሽውም?»

«ተናግሬዋለሁ።»

«ምን አልሽው?»

«ካሣ ይሰጥዎታል፣ በአዲሱ አደባባይ ዳርም ቦታ ይመሩዎታል አለኝ። እግዜር ያክብርልኝ አልኩት።»

«ደስ ያለሽ ይመስለዋላ!»

«ይምሰለው። በቤቴ ያደረን ሰው ክፉ ሠራህ ልበለው? አባትሽ ቢሰማ ምን ይለኛል?»

አባቴ ከሞተ ቆይቷል፤ ለእናቴ ግን እንዲህ ባለ ጊዜ ሁልጊዜ ይሰማል።

ነገሩ እንዴት እዚህ እንደደረሰ ያን ማታ እናቴ ጥጥ እየፈተለች ነገረችኝ። ኢንጅነሩ ክፉ ሰው አልነበረም። ቢቸና የደረሰው በጥምቀት ሰሞን ነው፤ ከተማው በሙሉ ታቦታቱን አጅቦ ጥምቀተ ባሕሩ ሜዳ ላይ ሲፈስ በዓይኑ አየ። ከበዓሉ በኋላ ባለ ሦስት እግር የመሬት መለኪያ መነጽሩን ተሸክሞ በየሰፈሩ ዞረ፤ ዞሮም ብቻ አልቀረም፣ ሰውን ጠየቀ። «የከተማችሁ መሃል የት ነው?» አለ።

እንግዲህ በእኛ አገር ሰው እንግዳ ፊት የራሱን አያሞግስም። ራሱን ዝቅ፣ ሌላውን ከፍ አድርጎ ይናገራል፤ እንደዚያ ካላደረገ ያልተቀጣ ይባላል። የደብሩ ሰዎች «እኛ ጥግ ነን ጌታው፤ መሃሉ ገበያው ነው» አሉት። ገበያ ሄደ። ነጋዴዎቹ «እኛ አቧራ ላይ የምንውል ሰዎች ምን መሃል አለን? መሃሉማ ፍርድ ቤቱ ነው፣ መንግሥት ያለበት» አሉት። ፍርድ ቤት ሄደ። ጸሐፊዎቹ ተነሥተው እጅ ነሡና «እኛ ትናንት የመጣን ነን፤ መሃሉ ደብሩ ነው» አሉት። እናቴን ጠየቃት።

«እኔማ በር ላይ ነኝ አልኩት። በር ደግሞ መሃል ይሆናል?»

ምስኪኑ ሰውዬ ግራ ገባው። በመጨረሻ «እሺ፣ ሁላችሁም የምትገናኙበትስ የት ነው?» ሲል ሁሉም በአንድ አፍ «ጥምቀተ ባሕር!» አሉት። ይህ ማንንም አያኮራም፣ ማንንም አያሳንስም። እሱም የዚያን ዕለት ያየውን ሕዝብ አሰበ። ሜዳው ሰፊ ነው፣ ለጥ ያለ ነው፣ ቤት የለበትም። ገበያውን፣ ፍርድ ቤቱን፣ የመኪና ማቆሚያውን፣ ሱቁን ሁሉ እዚያ ላይ አስቀመጠና ከየአቅጣጫው ሰፋፊ መንገድ ሰደደበት። አንዱ መንገድ በእናቴ ምድጃ ላይ መጣ። ንድፉን ይዞ ሲያሳያቸው ሰው ሁሉ «ግሩም ነው» አለ። ሹሙም «ግሩም ነው» አለ። ካህናቱ እንኳ በዓመቱ ታቦት ይዘው ሲወርዱ የሚጠብቃቸው አውቶቡስና በርበሬ መሆኑን እያወቁ፣ ፊት ለፊት ላለመናገር ብለው «እግዚአብሔር ይፈጽምልዎ» አሉት። ማታ ማታ ግን በየቤቱ ያለቅሳሉ።

«ታዲያ ማን ይንገረው?» አልኩ።

«በዚህ ጣራ ሥር ማንም።»

«ከጣራው ውጭስ?»

እናቴ እንዝርቷን አቆመች። «ከጣራው ውጭ ያንቺ ጉዳይ ነው። ብትነግሪውም ግን ይህች ልጅ ለእናቷ ቤት ስትል ነው ይልሻል። ልክም ይሆናል።»

ይህ እውነት ነበር። እኔ ብናገር አንዲት ሴት ስለ አንድ ቤት ተናገረች ነው። ከተማው ራሱ አፉን መክፈት ነበረበት።

በማግስቱ ኪዳን አድርሼ ስወጣ የእናቴ ጎረቤት የሆኑ ሽማግሌ፣ የደብሩ ዘማሪ፣ በመቋሚያቸው ተደግፈው አገኙኝ። ጉልበት ስሜ ተነሣሁ።

«እንዴት ናት ያቺ ሞጣችሁ?» አሉኝ። «አሁንም እረኛ እንደሌለው ፍየል እዚህም እዚያም ተበትና ነው?»

ያገባሁበትን አገር መንካታቸው ትንሽ አቃጠለኝ። «ተበትናም ደኅና ናት አባቴ» አልኳቸው። «ሰፈር ሁሉ የራሱ ነገር አለው። ለመሆኑ እዚህ ደብሩ ሰፈር ምን አለ?»

ሽማግሌው ቀና አሉ። «ምን አለ? ምን አለ ትለኛለች! ከአራቱም ማዕዘን ተማሪ የሚመጣው የት ነው? ለተማሪው ቁራሽ የሚሰጠው ማነው? ክሩ፣ ጧፉ፣ ብራናው፣ የሙት ዓመት ድግሱ፣ ዕርቁ፣ ሽምግልናው የት ነው የሚውለው? ይህ ሰፈር ባይኖር ቢቸና የከብት በረት ነበረች!»

እኒህ ሰው ናቸው ለኢንጅነሩ «እኛ ጥግ ነን» ያሉት። ቆሜ አየኋቸው። የቢቸና ሰው ለእንግዳ ራሱን ዝቅ ያደርጋል፤ ለሞጣ ግን አያደርግም። እግዚአብሔር መንገዱን እዚያው ደጀ ሰላሙ ላይ አሳየኝ ብዬ አምናለሁ፤ ተመልሼ ደጃፉን ሳምኩ።

የገበያው ቀን ሲደርስ ኢንጅነሩን ቁርሱን በልቶ ከቤት እንደወጣ ጠበቅኩት። ረጅም፣ ቀጭን፣ ፈገግታው ቅርብ የሆነ ሰው ነበር።

«ጌታው፣ ገበያ ልዞር ነበር፤ ግፊያው ብዙ ነውና ቢሸኙኝ?»

«በደስታ እህቴ። እኔም ለመጨረሻ ጊዜ ላየው ነበር።»

መጀመሪያ እህል ተራ ሄድን። ጤፍ የምትሸጥ አንዲት ጠንካራ ሴት አውቃለሁ፤ ከፊቷ ቆምኩና ድምፄን ከፍ አደረግኩ።

«የሞጣ እህል ገበያ እንዴት ያምራል መሰለሽ! ይህ ምንድነው፣ እዚህ ጉብታ ሥር ተወሽቃችሁ?»

«ኧረ በሥላሴ! ሞጣ ገብታ አፍ አወጣች!» አለች ጎረቤቷን እየጎነተለች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «ስሚ አንቺ፤ ይህ ጉብታ ነፋሱን ይይዘዋል። ከጥንት ጀምሮ ጤፍ እዚህ የሚሰፈረው ለዚህ ነው። ሜዳ ላይ ወስደሽ ስፈሪው እስቲ! ቁናውን ከፍ ስታደርጊው ጤፍሽ ደብረ ወርቅ ይደርስልሻል፤ ሂደሽ ከዚያ ትለቅሚዋለሽ!»

ሴቶቹ ሁሉ ሳቁ። ኢንጅነሩ አልሳቀም። ጉብታውን አየ፤ እጁን ዘርግቶ ነፋሱን ሞከረ።

ከዚያ ወደ ፍርድ ቤቱ ወረድን። ከዋርካው ሥር አንድ ራፖር ጸሐፊ ጉልበቱ ላይ ሰሌዳ አስቀምጦ የባለ ጉዳይ አቤቱታ ይጽፋል። «ሞጣ ላይ ባለ ጉዳይ በሰላም ነው የሚሟገተው፤ እዚህ ግን ምን ሥርዓት አለ?» አልኩት።

«የሞጣ ሰው ሙግት መቼ ያውቃል? ተጣልቶ ሳይጨርስ ይታረቃል!» አለ ብዕሩን ሳያነሣ። «ሥርዓት አልሽ? ከሳሽ በዚህ ዋርካ፣ ተከሳሽ በዚያኛው ነው የሚቀመጠው። መሃላቸው ሜዳ አለ። አንዱ ሌላውን ሳይነካ ዳኛው ይጠራዋል። ገበያ መሃል ብትከቻቸው በዱላ ይጨራረሳሉ፤ እኔስ ምን እጽፋለሁ? ዳኛውስ ምን ይፈርዳል?»

ደብሩ ሰፈር ሽማግሌው ዘማሪ ገና ሲያዩኝ «መጣች የሞጣዋ!» ብለው የጀመሩትን ካቆሙበት ቀጠሉት፤ ክር የሚሸጡት ሴቶችም አገዟቸው። በመጨረሻ በቆላ በር በኩል ተመለስን። ከእናቴ አጥር ውጭ የቆላ ሰዎች እግራቸውን ሲታጠቡ አገኘናቸው።

«ሞጣ ቢሆን እኮ እንግዳ ሲደክም በየመንገዱ የሚቀበለው አለ» አልኩ።

አንድ ጎልማሳ ከእግሩ ቀና አለ። «እኛስ ምን ጎደለን? እዚህ እንታጠባለን፣ ነጭ እንለብሳለን፣ ሰው መስለን እንገባለን። እስከ ሜዳው በአቧራችን እንሂድልሽ? የደጋ ልጃገረድ እንድትስቅብን? ይህች እናት ባትኖር እኔ ሚስቴን አላገኝም ነበር፤ አቧራዬን ቀድማ ብታየው እምቢ ትለኝ ነበር!»

«አሁንም ታየዋለች!» አለው ጓደኛው፤ ውኃ ረጨበት።

ኢንጅነሩ ከአጥሩ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ከዚያ ይስቅ ጀመር፤ እንባው እስኪመጣ ሳቀ።

«እነዚሁ ሰዎች ናቸው? ያ ሽማግሌ እኮ እኛ ጥግ ነን ብሎኛል!»

«እንግዳ ነዎታ።»

«እርስዎስ ታዲያ?»

«እኔማ የሞጣ ሰው ነኝ። ለሞጣ ሰው ትሕትና አይባክንም።»

ሳቁን ሲጨርስ ፊቱ ተለወጠ። «ያደግኩባት ከተማ አጥር አላት» አለ። «በሯ ብዙ ነው፤ ከየበሩ ውጭ ገበያ አለ። የገጠር ሰው በመጣበት በር ሸጦ ይመለሳል። እናቴ ከእኛ በር ገበያ በቀር ሌላውን ገበያ ብላ አትጠራውም ነበር፤ የሌላ በር ሴት ደግሞ የእናቴን አትጠራም። ሁሉም ግን አንድ ከተማ ነው። ይህን እያወቅኩ እዚህ ስመጣ ረሳሁት። ሕዝቡ በአንድ ሜዳ ተሰብስቦ ሲዘምር አይቼ፣ እነዚህ ሰዎች የተለዩ ናቸው፣ አንድ መሃል ነው ያላቸው አልኩ። ደግሞም አምሮ ነበር እኮ፤ ያን ቀን ያየሁት ነገር አምሮ ነበር።»

«እውነት ነው፤ ያምራል። ግን በዓመት አንድ ቀን ነው።»

ሌላ ንድፍ እንደሚያወጣ እዚያው ነገረኝ፤ መሃሎቹን ባሉበት ትቶ እርስ በርስ የሚያገናኛቸው መንገድ ብቻ የሚሠራበት። ግን እሱ የሚወስን ሰው አልነበረም። ሹሙ ሕዝቡን በማዘጋጃ ቤቱ ግቢ ሰብስቦ ሁለቱንም ያሳያል፤ የመጀመሪያው ተወድዷልና ሕዝቡ እንደ ልማዱ «ግሩም ነው» ካለ ያው እሱ ይጸድቃል።

«ሰዎቹ ለእርስዎ የተናገሩትን ለሹሙ ይናገራሉ?» አለኝ።

«ሹሙ እኮ የሞጣ ሰው አይደለም» አልኩት።

ስብሰባው የተቀጠረው ጾሙ ከገባ በኋላ ነበር፤ እኔ ደግሞ መመለስ ነበረብኝ። የምሄድበት ጠዋት እናቴን ችካሉ አጠገብ ያዝኳት።

«እምዬ፣ በስብሰባው ትናገሪያለሽ?»

«ስለ ራሴ ቤት በአደባባይ? አላደርገውም።»

«ስለ ቆላ ሰዎችስ?»

«ሂጂ፣ መኪናው ይሄድብሻል» አለችኝና ግንባሬን ሳመችው።

ያን ጾም እንደ ወትሮው አልጾምኩትም። ስግደቱም ጸሎቱም በቆላ በር ላይ ነበር። የሰማሁት ከፋሲካ በፊት ነው፤ መጀመሪያ ያው የበቅሎ ነጋዴ ነገረኝ፣ በኋላ እናቴ ራሷ በቃሏ አጸናችልኝ፣ ኢንጅነሩም በሞጣ ሲያልፍ ቤታችን ገብቶ ተመሳሳዩን ነገረኝ። የሦስቱም ቃል አንድ ስለሆነ ያለ ጥርጥር እጽፈዋለሁ።

ሰዉ ግቢውን ሞልቶ ነበር። ሁለቱ ንድፎች ግድግዳው ላይ ጎን ለጎን ተሰቅለዋል። ሹሙ «ሕዝቡ የትኛውን ይወዳል?» ሲል የደብሩ ሰዎች ጎንበስ ብለው «እንደ ፈቃድዎ» አሉ። ነጋዴዎቹ «እኛ ምን እናውቃለን» አሉ። ጸሐፊዎቹ «መንግሥት ያለው ይሁን» አሉ። ኢንጅነሩ ጭንቅላቱን ያዘ። ሹሙ ወደ መጀመሪያው ንድፍ ሄዶ እጁን አነሣ።

በዚህ ጊዜ ከኋላ፣ ከሴቶቹ መሃል፣ አንድ ድምፅ ወጣ፦ «ጌታዬ፣ ለእኔ መሃሉ የእኔው ሰፈር ነው! ሌላውም ዕፍረቱን ትቶ እውነቱን ይናገር!»

እንዲህ ያለ ነገር በዚያ ከተማ በአደባባይ ተሰምቶ አያውቅም። ከዚያ ጤፍ ሻጯ «እውነቷን ነው! ለእኔም የእኔው ነው!» አለች። ሽማግሌው ዘማሪ መቋሚያቸውን አንሥተው «የማንም ሰፈር እንደ ደብሩ አይሆንም!» አሉ። ከዚያ ወዲያ ማን ይያዛቸው! ራፖር ጸሐፊው ወንበር ላይ ወጣ፤ የቆላ ሰዎች ከአጥሩ ውጭ ጮኹ፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ ሰፈሩን አወደሰ። ሹሙ ጆሮውን ይዞ ኢንጅነሩን «ይህ ሁሉ መሃል ከየት መጣ?» አለው አሉ። «ሁልጊዜም ነበረ ጌታዬ» አለው ኢንጅነሩ። ሁለተኛው ንድፍ ጸደቀ።

ሜዳው ለታቦታቱ ቀረ። እህሉ ከጉብታው ሥር አልተነሣም፤ የመኪናው ማቆሚያ ከፍርድ ቤቱ ወዲያ ሆነ። የቆላ መንገድ ሲሰፋ በእናቴ አጥር በኩል ጎበጥ ብሎ አለፈ። የወሰደባት ጌሾዋን ብቻ ነው፤ ስለዚያ ጌሾ ግን ማንም እንግዳ በሌለበት ዕድሜ ልኳን ስታጉረመርም ኖራለች። ችካሉን ኢንጅነሩ ራሱ ነቀለው። እናቴ ሌላ እንቁላል ጠበሰችለት። በዚያ ቤት ኖራ በዚያ ቤት ዐረፈች፤ የቆላ ሰዎችም ሽቅብ ወጥተው ከደብሩ ሰዎች ጋር ቀበሯት።

እኔ ከባለቤቴ ዝውውር ጋር አርባ ምንጭ ከገባሁ ብዙ ዘመን ሆነኝ። እዚህም ከተማው ላይና ታች ነው፤ ሴቻ ከላይ፣ ሲቀላ ከታች። አዲስ ሹም በመጣ ቁጥር ይህ ነገር ያሳዝነዋል፤ አንድ ማድረግ አለብን ይላል። እኔ በሰንበቴው ተቀምጬ የማውቀውን እናገራለሁ። ቤተ ክርስቲያናችን ቅኔ ማኅሌት፣ ቅድስት፣ መቅደስ አላት፤ ሁሉም የየራሱ ሥራና የየራሱ ሰው አለው፤ ተበትናለች የሚላት ግን ሰምቼ አላውቅም። መንገዱን አሳምሩት፣ ሰዉን ጠይቁ፣ ሲመልስላችሁም የሚናገረው ለማን እንደሆነ ልብ በሉ እላለሁ። አንዳንዱ ይሰማኛል።

አንድ ነገር ግን እስከ ዛሬ አላወቅኩም፤ ያቺ ድምፅ የማን ነበረች? እናቴ እሷ አለመሆኗን እስክትሞት በማርያም ስም ነግራኛለች፤ እናቴ ደግሞ በማርያም አትቀልድም። ጤፍ ሻጯ ሁለተኛ ነኝ እንጂ አንደኛ አይደለሁም ትል ነበር። ነጋዴው መነኩሲት ናት ይላል፤ ሌላው የቆላ ሴት ናት ይላል። በምትናገር ሴት ላይ ዞሮ ማፍጠጥ ነውር ነው ብለው ከዚያ ሁሉ ሰው አንድም አልዞረም። የእናቴ ቤት ግን የቆመው በእሷ ቃል ነው።

ስለዚህ በዚያ ቀን በማዘጋጃ ቤቱ ግቢ የነበራችሁ፣ ወይም ከነበሩት የሰማችሁ፣ አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። በአጠገቧ የቆማችሁ ትኖራላችሁ፤ ባትዞሩም የነጠላዋን ጥለት ያያችሁ፣ ድምፅዋን የለያችሁ ትኖራላችሁ። ስሟን ንገሩኝ። ክርስቲያን ከሆነች የክርስትና ስሟን፤ በሕይወት ካለች ለጤናዋ፣ ካለፈችም ለነፍሷ እዚህ በቅዳሴ ላስጠራት። ክርስቲያን ካልሆነችም የምትጠራበትን ስም ብቻ ንገሩኝ፤ በቤቴ ጸሎት አነሣታለሁ። ይህን የምታነበው ራሷ ከሆነች ደግሞ፣ እትዬ፣ እንደዚያን ቀኑ ዕፍረቱን አንዴ ይተዉትና እኔ ነኝ ይበሉኝ።